ለመዛግብት ጥብቅና ስለ መቆም፦ በመዛግብት ባለሙያዎች አሠለጣጠን ላይ የቀረበ ሂስ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል በትምህርት ዓለም ተደጋግሞ ይጠቀሳል። የአባባሉ የመጀመሪያ ክፍል ብዙ ማስረጃ አያሻውም። ሁለተኛው ክፍል ግን ያለ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ሁሉ ለተከታዩ ትውልድ የሚወረስ ቢሆን ኖሮ፣ በየጽሕፈት ቤቱ መጋዘን ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር የተከመሩ ፋይሎችና በምስጥ የተበሉ የተማሪ መዝገቦች ባልኖሩ ነበር። ጽሑፍ የሚወረሰው ጠባቂ ሲኖረው ነው። ጠባቂም ሥራውን የሚሠራው ቦታ፣ በጀትና ሥልጣን ሲሰጠው ነው። እነዚህ ደግሞ የሚገኙት ጠይቆና ምክንያቱን አስረድቶ ነው።

የመዛግብት ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የሚወጡ ዕቅዶች ሲመረመሩ ጎልቶ የሚታየው ጉድለት ከዚህ ላይ ይነሣል። ሠልጣኙ ሰነድን እንዴት እንደሚጠብቅ ይማራል፤ ስለ ሰነዱ ለውሳኔ ሰጪዎች እንዴት እንደሚናገር ግን አይማርም። ጥብቅና፣ ማለትም መዛግብት ለምን እንደሚያስፈልጉ በማስረጃ አስረድቶ ድጋፍ ማስገኘት፣ የግል ተሰጥኦ ወይም የአለቃ ሥራ ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉድለቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በጌዴኦ ዞንና በዲላ ከተማ ሁኔታ ማሳየት፣ ጥብቅናም በክፍል ውስጥ ሊሰጥ የሚችል የሙያ ትምህርት መሆኑን ማስረዳት ነው።

1. ሥልጠናው የሚያስተምረውና የሚተወው

የመዛግብት ሥራ ትምህርት ባብዛኛው በሁለት ደረጃ ይሰጣል። የመጀመሪያው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚያገኘው አጭር ሥልጠና ነው። በዚህም ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ፣ ፋይል መክፈት፣ መለያ ቁጥር መስጠት፣ የተዘጋውን ከሚሠራበት መለየት ይጠናል። ሁለተኛው በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ስም የሚሰጠው ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። የሁለቱ ደረጃዎች ስፋትና ጥልቀት ይለያይ እንጂ የሚነሡበት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም ሰነዱ የት ይቀመጥ፣ እንዴትስ ተፈልጎ ይገኝ የሚል ነው። ሰነዱ ይቀመጥ ወይስ ይወገድ የሚለውን በተግባር የሚወስነው ማን ነው? ይህን ሰውስ ማን ያስረዳዋል? የሚሉት ጥያቄዎች በቂ ቦታ አያገኙም።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ሕግ አለ የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ሕግ አለ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሕዝቡ «ወመዘክር» ብሎ የሚጠራው ተቋም፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ራሱን ችሎ ቆሟል። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው የ55 ዓመት ርቀት ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ስላለው ጠያቂ አላጣም። ቤተ መዛግብት ግን ተጠቃሚው በቍጥር ጥቂት፣ ጥቅሙም ከዓመታት በኋላ የሚታይ በመሆኑ ጠያቂው ሳስቶ ኖሯል። ሕጉ ከወጣ በኋላም ቢሆን አዋጅ ብቻውን የወረዳ መጋዘን ቁልፍ አይከፍትም፤ መደርደሪያም አይገዛም።

ሌላው በሥልጠና ላይ ሊጠቀስ የሚችለው ሰነድ ዓለም አቀፉ የመዛግብት መግለጫ ነው። መግለጫውን ዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በኦስሎ አጽድቆታል፤ ዩኔስኮም በተከታዩ ዓመት ተቀብሎታል። መዛግብት የማይተኩ ቅርሶች መሆናቸውን፣ የዜጎችን መብት እንደሚያስከብሩና ለመልካም አስተዳደር መሠረት እንደሆኑ ይናገራል። የመግለጫው ይዘት ትክክል ነው። ነገር ግን ለማንኛውም አገር እንዲስማማ ሆኖ የተጻፈ ስለሆነ የአንድን አካባቢ ውሳኔ ሰጪ የማሳመን ኃይል የለውም። የጤና ጣቢያ፣ የመንገድና የመማሪያ ክፍል ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ የተደረደረበት የዞን ካቢኔ አባል፣ መዛግብት የሰው ልጅ የጋራ ትውስታ ናቸው ስለ ተባለ ብቻ በጀት አይለቅም። አያድርገውና ሠልጣኙ ይህን ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ወደ ሥራ ቢሰማራ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ባዶ እጁን ይመለሳል።

2. የጌዴኦ መዛግብት ጉዞ

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የጌዴኦ ዞን በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 847,434 ነዋሪዎች ተመዝግበውበታል። በቆዳ ስፋቱ አነስተኛ በመሆኑ በአገሪቱ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ገበሬው እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ አደባልቆ የሚያለማበት ጥበብ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ኑሮ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። ይህ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር የድንበር፣ የይዞታና የውርስ ማስረጃ ዋጋ ከሌላው ስፍራ ይበልጥ ከፍ እንደሚል ግልጽ ነው።

ይሁንና የጌዴኦ ማስረጃዎች ባንድ ስፍራ ተረጋግተው አያውቁም። አካባቢው በዘውዱ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ዲላን ዋና ከተማ ያደረገ አውራጃ ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በመጀመሪያ ይርጋለም፣ በኋላም አዋሳ ሆነ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። ከዚያም ዞኑ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል አካል ሆነ፤ መቀመጫውም ያው አዋሳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን አዋሳ የዚያ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጌዴኦ ወደዚያ ተካተተ፤ ዲላም ከክልሉ የመንግሥት መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። ስለዚህ በ1950ዎቹ የተጻፈ አንድ የጌዴኦ ገበሬ አቤቱታ ዛሬ ቢፈለግ በዲላ፣ በይርጋለም፣ በአዋሳ ወይም በአዲስ አበባ ሊገኝ ይችላል፤ ከነአካቴው ላይገኝም ይችላል።

መዛግብት በብዛት የሚጠፉት እንዲህ ባለው የአደረጃጀት ለውጥ ወቅት ነው። ምክንያቱም መሥሪያ ቤት ሲከፈል፣ ሲዋሐድ ወይም ሲዛወር ስለ ሠራተኛ ምደባ፣ ስለ ተሽከርካሪና ስለ ቢሮ ክፍፍል ኮሚቴ ይቋቋማል። ስለ ፋይል የሚናገር ሰው ግን በኮሚቴው ውስጥ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ተቀባዩ የሚፈልገው በእጅ ያለውን ሥራ የሚመለከተውን ሰነድ ብቻ ነው፤ አስረካቢውም የተረፈውን የሚያኖርበት ቦታ የለውም። በዚህ መካከል አሮጌው ፋይል ባለቤት አልባ ይሆናል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ፋይሉን አሳምሮ የቆጠረና የደረደረ ቢሆንም፣ ውሳኔው በሚሰጥበት ሰዓት ተገኝቶ ካልተናገረ ድካሙ ከንቱ ይቀራል። «ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል» የሚለው ምሳሌ ለዚህ ሙያም የሚሠራ ነው።

በዚህ ላይ የስም ለውጥ ይጨመራል። ከለውጡ በፊት በነበሩት የመንግሥት ጽሑፎች አውራጃው የሚታወቀው «ደራሳ» በሚል ስም ነው፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት «ጌዴኦ» የሚለው ስም በመንግሥት ዘንድ የጸናው በኋላ ነው። ለውጡ በምርምር ሥራ ውስጥም ይታያል። ቻርልስ ማክሌላን የተባሉት የታሪክ ምሁር በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በርእሱ ላይ አካባቢውን በቀድሞው ስም ሲጠራ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፋቸው ግን ጌዴኦ ብሎ ይጠራል። ሰው በሀገሩ ስም ፈልጎ የአባቱን ፋይል ሊያጣ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ መሪ ዝርዝር ማዘጋጀት የባለሙያው የቴክኒክ ሥራ ነው። ይህ ዝርዝር ለምን እንደሚያስፈልግ፣ አሮጌውም ስም ከሰነዱ ላይ ለምን እንደማይፋቅ ለነዋሪውና ለባለሥልጣኑ ማስረዳት ግን ጥብቅና ነው። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው አይጸናም።

የቋንቋና የፊደል ጉዳይም አለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ጌዴኦኛ ከነዚህ አንዱ ነበር፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም በግዕዝ ፊደል ተዘጋጅተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው በላቲን ፊደል መጻፍ ጀምሯል። ዛሬ በጌዴኦኛ የሚማር ልጅ፣ አያቱ ማንበብ የተማሩበትን መጽሐፍ ቢያገኝ ቃሉን ያውቀዋል፤ ጽሕፈቱ ግን በትምህርት ቤት ቋንቋውን ከተማረበት ፊደል የተለየ ነው። ለትምህርት ታሪክ አጥኚ እነዚህ ቀጫጭን መጻሕፍት የሚያህል ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዳሩ ግን የተማሪ መጽሐፍ ካገለገለ በኋላ ማንም የማይፈልገው ዕቃ ነውና፣ የሚሟገትለት ካላገኘ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው።

3. የትኛው መከራከሪያ ያሳምናል?

ስለ ቅርስ መሟገት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ከጣሊያን ጋር በ1939 ዓ.ም. (በ1947 እ.ኤ.አ.) የተፈረመው የሰላም ውል በአንቀጽ 37፣ ጣሊያን ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. በኋላ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎች፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ያስገድድ ነበር። የአክሱም ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. የተመለሰው ምሁራን፣ መንግሥትና ሕዝብ ለረጅም ዓመታት ባደረጉት ሙግት ነው። «መዛግብት» የሚለው ቃል ከሐውልቱ ጋር በአንድ አንቀጽ ውስጥ የተጻፈ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሐውልት ከሩቅ ይታያል፤ ፎቶግራፉ በየመማሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። መዝገብ ግን ካልተከፈተ አይታይም፤ ከተከፈተም በኋላ ዋጋውን የሚነግር አንባቢ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚያው ከጌዴኦ የተገኘ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ጥያቄ አቀረበ። ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር የተነሣው ክርክር ኦክስፋም የተባለው ድርጅት በዘመቻ ከደገፈው በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት ተፈጸመ። ሙግቱ ሰሚ ያገኘው አንድ ቀላል ጥያቄ ስለ ያዘ ነው፤ ስሙ ከአገራችን የወጣ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ለምን ለገበሬው አይደርስም የሚል ነበር። ለመዛግብትም እንዲህ ያለ አጭርና ከሰው ኑሮ የሚነሣ ጥያቄ ማዘጋጀት ይቻላል። የዲላ ሠልጣኝ ምሳሌውን ለማጥናት ከዞኑ ወጥቶ መሄድ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ምሳሌ ሕዝብ ሲሟገት ምን እንደሚሆን ያሳያል። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት የመንግሥት ጸሐፊ በ2012 እ.ኤ.አ. በበጀት ቅነሳ ምክንያት የግዛቱ ቤተ መዛግብት ለሕዝብ ክፍት መሆኑ እንደሚያበቃ አስታወቁ። ውሳኔውን በአደባባይ የተቃወሙት የቤተ መዛግብቱ ሠራተኞች ብቻ አልነበሩም፤ የትውልድ ሐረግ ቆጣሪዎች፣ የታሪክ ተመራማሪዎችና ሌሎች ተጠቃሚዎችም ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ቤተ መዛግብቱ ወደ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች አስተዳደር ተዛውሮ አገልግሎቱን ቀጠለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ጥብቅና በችግር ጊዜ የሚጀመር ጩኸት አለመሆኑ ነው። ተጠቃሚን አስቀድሞ ያፈራ ቤተ መዛግብት በክፉ ቀን የሚናገርለት ያገኛል፤ ተጠቃሚ ያላፈራ ግን ዝግ መሆኑ እንኳ የሚታወቅለት ላይኖር ይችላል።

እነዚህ ምሳሌዎች አንድ ላይ ሲታዩ ባለሙያው የትኛውን መከራከሪያ ማስቀደም እንዳለበት ይጠቁማሉ። ብሔራዊው ቤተ መዛግብት በ1997 እ.ኤ.አ. 12 ሰነዶችን በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ አስፍሯል። ከነዚህም መካከል ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትና የነገሥታት ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ክብሩ የሚገባ ነው። ነገር ግን ጥብቅና ያማረውን ብቻ እየመረጠ የሚሟገት ከሆነ የወረዳው የመሬት ባሕር መዝገብና የትምህርት ቤቱ የውጤት መዝገብ እንደ ተራ ወረቀት ተቆጥረው ይቀራሉ። ለአብዛኛው ዜጋ መብቱ የተጻፈው ግን በነዚህ ላይ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጠውና ይዞታው እንዲመዘገብ ደንግጎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ ለመሸሽ ፋታ ያጣ ሰው ደብተሩን፣ መታወቂያውንና የልጁን የትምህርት ማስረጃ ይዞ ይወጣል ተብሎ አይጠበቅም። እንዲህ ላለው ሰው ወደ ይዞታው ለመመለስም ሆነ ልጁን በሌላ ትምህርት ቤት ለማስገባት ቀሪ ተስፋው መሥሪያ ቤቱ ያስቀረው ቅጂ ነው። ቅጂው ከተገኘ ሰውየው ባለመብት ነው፤ ካልተገኘ ግን ምስክር ለማኝ ይሆናል። የዞን ካቢኔን የሚያሳምነው መከራከሪያ ይህ ነው።

4. ስለሚነሡ ተቃውሞዎች

ጥብቅናን በሥልጠና ውስጥ ማስገባትን የሚቃወሙ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው የመዛግብት ባለሙያ ገለልተኛ መሆን አለበት የሚል ነው። አስተያየቱ ክብደት ያለው ነው። ባለሙያው በሰነዱ ውስጥ ለተጠቀሱት ወገኖች አንዱን ደግፎ ሌላውን ነቅፎ ከተናገረ አመኔታ ያጣል። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጭሰኞች በባለርስቶች ላይ ያነሡትን አመፅ የሚመለከቱ የመንግሥት ጽሑፎች፣ ከሽማግሌዎች አንደበት የሚገኘው ትረካም ሁሉ እኩል ሊጠበቁ ይገባል፤ ፍርዱ የአጥኚውና የአንባቢው ነው። ነገር ግን ሰነዱ ስለሚናገረው ነገር መከራከርና ሰነዱ እንዲኖር መከራከር የተለያዩ ተግባሮች ናቸው። ዳኛ በችሎት ላይ ለማንም አያዳላም፤ ችሎቱ ጣሪያ እንዲኖረው መጠየቁ ግን አድልዎ አይባልም። ሥልጠናው ይህን ወሰን ለይቶ ካላስተማረ፣ አንዱ ባለሙያ በፍርሃት ዝም ሲል ሌላው ደግሞ የባለሥልጣን አወዳሽ ይሆናል። ሁለቱም ለመዛግብት አይበጁም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሥልጠና ሰዓት ጠባብ ነው የሚል ነው። መደርደር በቅጡ ያልተማረ ሰው እንዴት መሟገት ይማራል? ይባላል። መልሱ ጥብቅናን ከመደርደር መነጠል እንደማይገባ ማሳየት ነው። የያዘውን በዝርዝር የማያውቅ ባለሙያ ሊሟገትለት አይችልም። ስንት ፋይል አለ፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፣ ስንቱ በእርጥበት ተጎድቷል፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ምን ፈልጎ መጣ፣ ስንቱስ ሳያገኝ ተመለሰ የሚሉት ቍጥሮች ከመዝገብ ቤቱ የዕለት ሥራ የሚገኙ ናቸው። ጥብቅና እነዚህን ቍጥሮች ሰው እንዲሰማቸው አድርጎ ማቅረብ ነው።

5. በሥልጠናው ውስጥ ምን ይግባ?

ዲላ ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና መሞከሪያ የሚሆን ሁኔታ አላት። ዛሬ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በ1989 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ፤ ከዚያም በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በመምህርነት የተመረቁ ሰዎች በዞኑ ትምህርት ቤቶች አሉ። ስለዚህ መምህራንንና የመዛግብት ሠልጣኞችን የሚያገናኝ ሥራ ማቀድ ከባድ አይሆንም።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተመድቦለት ያለውን መዝገብ እንዲቆጥርና ዝርዝሩን እንዲያወጣ ማድረግ ይገባል። ቀጥሎም ከዝርዝሩ ተነሥቶ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ማስታወሻ ለሚመለከተው ኃላፊ እንዲጽፍ ይታዘዝ። ማስታወሻው ምን እንዳለ፣ ምን አደጋ እንደተጋረጠበት፣ ቢጠፋ የሚጎዳው ማን እንደሆነ፣ ለማዳን የሚያስፈልገውንና ወጪውን ብቻ ይያዝ። ሦስተኛ፣ ሠልጣኙ ይኸንኑ ጉዳይ ጽሑፍ ለማያነቡ ሰዎች በቃል እንዲያስረዳ ይደረግ። ጌዴኦዎች የጋራ ጉዳያቸውን በሶንጎ ሸንጎ ተሰብስበው በሽማግሌዎች ፊት የመምከር ልማድ አላቸው። ሠልጣኙ የመዝገቡን ጥቅም በሕዝብ ሸንጎ ፊት ማስረዳት ከቻለ በካቢኔ ፊት አያፍርም። አራተኛ፣ ፈተናው ትርጓሜ በመሸምደድ ሳይሆን በማስታወሻውና በንግግሩ ይሁን። ኃላፊው ጥያቄውን ባይቀበለው እንኳ ሠልጣኙ የተሰጠውን ምክንያት መዝግቦ ለቀጣዩ ዓመት መልስ ማዘጋጀቱ በነጥብ ይያዝለት።

መምህራንም በዚህ ረገድ ተመልካች ብቻ መሆን የለባቸውም። የክፍል ኃላፊ መምህር በየዓመቱ መጨረሻ የሚሞላው የውጤት መዝገብ ራሱ የመዛግብት ሥራ መጀመሪያ ነው። መምህሩ መዝገቡን በሁለት ቅጂ እንዲያስቀር፣ ርእሰ መምህሩም ትምህርት ቤቱ ሲዛወር ወይም ደረጃው ሲለወጥ ፋይሎቹን በጽሑፍ ርክክብ እንዲያስረክብ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሊያስገድዱ ይገባል። ዕቅድ አውጪዎች በበኩላቸው አዲስ ወረዳ ወይም አዲስ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ከሚመደበው በጀት ውስጥ ለመዛግብት ርክክብ የሚውል ራሱን የቻለ መደብ ቢያስገቡ፣ የርክክቡ ኮሚቴም ያለ መዛግብት ባለሙያ ሙሉ እንዳይሆን ቢወስኑ፣ ከፍ ብሎ የተገለጸው መጥፋት ጉልህ በሆነ መጠን ሊቀንስ ይችላል።

በአጭሩ የመዛግብት ባለሙያ ሥልጠና የሚመዘነው ተመራቂው ስንት ፋይል መደርደር ቻለ በሚለው ብቻ መሆን የለበትም። መሥሪያ ቤቱ ሲከፈል ወይም ሲዛወር በተሰበሰበው ኮሚቴ ፊት ቆሞ፣ የአንድን ገበሬ ደብተር ቅጂና የአንድን ተማሪ ውጤት በቍጥርና በምክንያት አስደግፎ ማስጠበቅ መቻሉም ይመዘን። የጌዴኦ መዛግብት በስድሳ ዓመት ውስጥ ደጋግመው መቀመጫ ሲለውጡ ባብዛኛው ያጡት ይህን ሰው ነው። ሥልጠናው ሊያፈራ የሚገባውም እርሱን ነው።